«ይታጠባል»፤ ግን በማን?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከከተማው ዳር፣ ፋብሪካና መጋዘን ከሚበዛበት አቅጣጫ የመጡ ናቸው።

ከለገጣፎ፦ አዲሷ አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ናት። «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ»?

ደብዳቤው ላይ «ናት» ብለው ወስነው የለ? ቢሮ ውስጥ ግን እስክትፈቅድልዎ ድረስ «እርስዎ»።

ከቦሌ ለሚ፦ የውጭ አገር ሰው የሆነው ኃላፊያችን «ነገ በስምንት ግቡ» አለ፤ አስተርጓሚውም ስምንቱን እንዳለ ነገረን። ከምሳ በኋላ ስንደርስ ቀሪ ተባልን።

የእሱ ስምንት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ መካከሉ 6 ሰዓት። አስተርጓሚውን አትቆጡት፤ ቋንቋ እንጂ ሰዓት ተርጉም ያለው የለም። ከእንግዲህ ሰዓቱ ከነ«ጠዋቱ» ተጽፎ ይለጠፍላችሁ።

ከገላን፦ የቀለም ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሰሌዳው ላይ «መቀላቀያው ይታጠባል» ብዬ ጻፍኩ። የማታዎቹ ለጠዋቶቹ ትተው ወጡ፤ ጠዋቶቹ ታጥቧል ብለው ጀመሩ። ነጩ ቀለም ሮዝ ሆኖ ወጣ። ኪሳራው ከደመወዜ ሊቆረጥ ነው።

ይህችን «ይታጠባል» በሚገባ አውቃታለሁ። አማርኛችን አድራጊውን ሸሽጎ ድርጊቱን ብቻ ለመናገር ይመቻል፦ ይላካል፣ ይስተካከላል፣ ይታያል። ማንንም ስለማያዝ ማንም አይቀየምም፤ ማንም አይሠራውም። እኔም የመጋዘን ጸሐፊ ሳለሁ «ቁልፉ ይመለሳል» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። በማግስቱ ሦስት ሹፌሮች በተዘጋው በር ፊት አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ሲባባሉ አረፈዱ። ቁልፉ የእኔው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር።

«የማታው ፈረቃ ሳይወጣ ያጥባል፤ ያጠበው ይፈርማል» ብለው ይጻፉ። ሲያስረክቡም በ«እሺ» አይለፉ። «እሺ» ሰምቻለሁ ነው፤ ገብቶኛል አይደለም። የሚያደርገውን በራሱ አፍ ያስነግሩት።

የደመወዙ ነገር ግን ከእኔ በላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ የቀረበልዎትን ወረቀት ሁሉ እንዳይፈርሙ። የሠራተኛ ማኅበርዎን ወይም ጠበቃ ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ ዛሬ ያልኩት ዛሬ ለማለት ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ስብሰባ ላይ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

የሚናገሩትን በሦስት መስመር ጽፈው ይግቡ። ካልተሻለዎ ባለሙያ ማማከር አይከፋም።

ከቃሊቲ፦ አለቃዬ ሁልጊዜ «ቶሎ» ይለኛል። ቶሎ ስንት ሰዓት ነው?

እሱኑ ይጠይቁት። የእኔ አዘጋጅ «ቶሎ» ሲል ትናንት ማለቱ ነው።