ጥሬ ሥጋ ያላስፈራሽ፣ ጥሬ አሳ ምን አስፈራሽ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ያደርን ጓደኛ አለችኝ። አሁን አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ለካይዘን ስልጠና ጃፓን ደርሳ ከመጣች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ የጃፓን ምግብ ሆኗል። ሰሞኑን ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ስለምሄድ እንደ ነፍሷ ወደምትወደው የጃፓን ምግብ ቤት ልትወስደኝ ቀጥራኛለች። ቀጠሮው ረቡዕ ነው። ጥሬ አሳ ነው የሚበሉት አሉ። እኔ የተጠበሰውም ሽታው ያስቸግረኛል። በእንጨት መብላት አልችልም። ቀኑም ጾም ነው። ዋጋውም ውድ ነው አሉ፤ እሷ ማርቆስ ስትመጣ እኔ የጋበዝኳት ሽሮ ነበር። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች፣ ብሄድ አሳፍራታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንዴት አትሄጂም? በሚገባ ትሄጃለሽ እንጂ።

ከጥሬው እንጀምር። የማርቆስ ልጅ ሆነሽ ቁርጥ አልበላም አትዪኝም። ቢላዋው በእጅሽ፣ አዋዜው ፊትሽ ሆኖ "ይህ ሥጋ ትል ይኖረው ይሆን?" ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እኛ ለጥሬ ሥጋችን ኮሶ እየጠጣን ነው የኖርነው። ለጥሬ አሳ ደግሞ መላው ብርድ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን የቆየ አሳ ውስጥ ትሉ ይሞታል። ሥራውን የሚያውቅ ምግብ ቤት እንዲህ ተጠብቆ የመጣ አሳ ነው የሚገዛ። እርጉዝ ከሆንሽ ግን ጥሬውን እርግፍ አድርገሽ ተይው።

ሽታውን ለእኔ ተይልኝ። ባሕር ዳር ሆቴል ማዕድ ቤት ስሠራ ከጣና የወጣ አሳ በየማለዳው የምቀበል እኔ ነበርኩ። ትኩስ አሳ አይሸትም። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ ስንጥቡን ገለጥ ስታደርጊው ቀይ ነው። የሚሸተው የዋለና ያደረ ነው። አንቺን ያስመረረሽ የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል።

ደግሞ የጃፓን ምግብ ሁሉ ጥሬ ነው ያለሽ ማነው? ቴምፑራ አለ፤ አትክልቱን በስስ ሊጥ ነክረው ዘይት ውስጥ የሚጠብሱት። ይህን ጥብስ ለጃፓኖች ያስተማሯቸው ፖርቱጋሎች ናቸው ይባላል። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። በዚያው ዓመት ሌሎቹ ፖርቱጋሎች እኛው ጎረቤት፣ ከጣና ወዲያ ማዶ ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ግራኝን ይዋጉ ነበር። ለእኛ ጠብመንጃ ብቻ፣ ለእነሱ ጠብመንጃም ጥብስም። እንግዲህ እንደ ዕድልሽ ነው።

ወደ ገበታው ልመልስሽ። ኒጊሪ ብለሽ እዘዢ፣ በሳልሞን። ጣት የሚያህል የሩዝ ጭብጥ ይመጣልሻል። ሩዙ በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው የታሸ ነው። ከላዩ ስስ የአሳ ቁራጭ ተኝቶበታል። አሁን ስለ እንጨቱ የነገርሽኝን ጭንቀት እርሺው። በእጅሽ አንሺው፤ ጃፓኖቹም ሱሺን፣ ማለት እንዲህ ያለውን የሩዝና የአሳ ጉርሻ፣ በእጃቸው ይበሉታል፣ ነውር የለውም። ገልበጥ አድርጊና የአሳውን ወገን ብቻ ሶያ ሶስ አስነኪው። ሩዙን ከነከርሽው ይፈርስብሻል። ከዚያ አንዴ መጉረስ ነው፣ ግማሹን ነክሶ ማስቀመጥ የለም።

ሳህኑ ዳር አረንጓዴ ነገር ታያለሽ። ዋሳቢ ነው። አቮካዶ መስሎሽ እንዳትዝቂው፤ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ ነው የሚወጣ። ቅንጣት ይበቃል። ስሱ ሮዝ ነገር ደግሞ የኮመጠጠ ዝንጅብል ነው። ከአንዱ አሳ ወደ ሌላው ስትሻገሪ አፍሽን የምታጸጂበት ነው እንጂ ሱሺው ላይ አይደረግም።

እንጨቱን ልሞክረው ካልሽ ሁለት ነገር ብቻ ያዢልኝ። ሩዝ ላይ አቁመሽ አትሰኪው፤ እንዲያ የሚቀርበው ለሞተ ሰው ነው። ከእንጨት ወደ እንጨትም ምግብ አትቀባበሉ። እነሱ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን የሚለቅሙት እንዲያ ነው። ይህን የምነግርሽ የጎጃም ሰው ካላጎረሰ ስለማይሆንለት ነው። ማጉረስ ካማረሽ ኒጊሪውን በእጅሽ አንሥተሽ አጉርሻት። ጃፓን ስትመላለስ ማን አጉርሷት ያውቃል?

ረቡዕን ግን ምን አመጣው? ቀኑን ለሐሙስ አስቀይሪ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ውስጥ እኔ አልገባም። ጎጃም ውስጥ ይህን ጨዋታ ያነሣ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ አይገባም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ረቡዕ ግድ ከሆነ ኪያር ወይም አቮካዶ ውስጡ ገብቶ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ማኪ የሚባል ሩዝ አለ፣ ይጾማል። ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ ግን ተጠንቀቂ፤ አትክልት ቢመስልም መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቅ አሳ ነው። የቴምፑራው ሊጥም እንቁላል ሊኖረው ይችላል፣ ጠይቂ።

በፍስክም ቢሆን "ክንፍና ቅርፊት" የሚለውን የምትጠብቂ ከሆነ የምትዘልያቸውን ስሞች ልንገርሽ። ኢቢ ሽሪምፕ ነው። ታኮ ኦክቶፐስ ነው። ኢካ ስኩዊድ ነው። ኡናጊ እባብ የሚመስለው አሳ ነው። ቶንካትሱ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ቶንኮትሱ የሚባለው የራመን፣ የፓስታ ሾርባቸው፣ መረቅም ከአሳማ አጥንት ነው። ጊዮዛ በሚባለው በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ውስጥም ብዙ ጊዜ አሳማ አለ። ሳልሞንና ማጉሮ የሚባለው ቱና ግን ክንፍም ቅርፊትም አላቸው።

ይህን ሁሉ እዚያ ደርሰሽ አስተናጋጁ ፊት አታንሺው። ዛሬውኑ ደውዪላት። "ይህን እበላለሁ፣ ይህን አልበላም፣ ረቡዕ እጾማለሁ" በያት። አንድ ዶርም ያደረች ልጅ ምን ይታፈራል? የሚያሳፍራትስ ዝም ብለሽ ሄደሽ ሳህኑን በእንጨት ስትነካኪ ማምሸትሽ ነው። ሰው የሚወደውን ቤት የሚያሳየው እንዲፈተኑለት ብሎ አይደለም።

ሒሳቡን የጠራ ይክፈል። አንቺ ቦርሳሽን ለመክፈት አትታገዪ፣ የይምሰል ግብግብ አልወድም። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፤ የጎጃም ነጭ ማር ያዢላት። ጃፓኖች ከሄዱበት አገር ስጦታ ይዞ መመለስን እንደ ግዴታ ነው የሚያዩት፣ እሷም ታውቀዋለች። መጠጥ ከመጣ አንቺ ለእሷ ቅጂ፣ እሷ ለአንቺ ትቅዳ፤ እዚያ ለራስ መቅዳት አይወደድም። ሽሮሽን ደግሞ አታሳንሺብኝ። ያን ጊዜ አጣጥማ በልታ የለም እንዴ?

ለወሬ መነሻ ካስፈለገሽ ደጀንን አልፈሽ በረሃው ውስጥ ዓባይን የምትሻገሪበት አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከባሕር ዳር ነኝ። ጓደኛዬ ሱሺ ትወዳለች፣ እዚህ ግን የለም። ከጣና በወጣ ቆሮሶ ቤት ልሠራላት አስቤያለሁ። ሐዋሳ ላይ ጥሬ አሳ በአዋዜ ሲበላ አይቻለሁ፤ የጣናውስ ምን ይለዋል?

መልስ፦ ተው ልጄ። ጃፓኖቹ ጥሬውን የሚበሉት በአብዛኛው የባሕር አሳ ነው። የወንዝና የሐይቅ አሳ ጥሬውን ይፈሩታል፤ ትሉ ይብሳል። የጣናም አሳ ትል አያጣውም። አዋዜም ሎሚም ትል አይገድልም። የቤትህ ፍሪጅም ስጋ ያቆይ እንደሆነ እንጂ ያን ያህል አይበርድም።

ቆሮሶውን አጥንቱን አውጥተህ ጥበሰውና ይቀዝቅዝ። ሩዙ አጭርና ሲበስል የሚያያዝ ይሁን፤ ረጅሙ የባስማቲ ዓይነት ይበታተንብሃል። የፎገራውን ሩዝ ሞክረው። ሲበስል ትኩሱን በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው እሸው፣ እያራገብክ አቀዝቅዘው። ኖሪ የሚባለውን ጥቁር የባሕር ቅጠል ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት አስልከህ ሩዙን ስስ አድርገህ አንጥፍበት። አሳውን፣ ኪያርና የመራዊ አቮካዶ ደርድርና ጥቅልል። ቢላዋውን በየቁራጩ ውኃ አስነካው፣ አለዚያ ሩዙ ይጣበቅብሃል።