«ትንሽ ዕቃ ነች»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከገርጂ አንድ ክፍል ቤት ለቅቄ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልገባ ነው። ዕቃዬ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና አንዳንድ ኮተት ነው። አምና ስቀይር ከፒክአፕ ሹፌር ጋር በ2,000 ብር ተስማምተን፣ ደጅ ስንደርስ «ይቺ የመኪናዋ ብቻ ነች» አለኝ። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ደግሞ ለብቻቸው 3,000 አስከፈሉኝ። ዘንድሮስ ምን ልሁን?
ግራ የገባት ተከራይ

መልስ፦ ልጄ፣ 17 ዓመት ፒክአፕ ነድቻለሁና የሹፌሩን ሆድ አውቀዋለሁ። የደወለልኝ ሰው ሁሉ «ትንሽ ዕቃ ነች» ይለኝ ነበር። ስደርስ ቡፌው፣ ሁለት በርሜል፣ የእናትየው የበርበሬ ጆንያ ደጅ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። እኛም ዋጋ የምንጠራው ይሄንኑ እየጠረጠርን ነው። ስለዚህ ሳትሸሽጊ ንገሪው፤ ቁም ሳጥኑ ይፈታል? መኪና እስከ በር ይገባል? ፎቶም ላኪለት። ከዚያ «ዋጋው መጫን፣ ማውረድና ፎቅ ማውጣትን ይጨምራል?» በዪው። የአምናው ጭቅጭቅ የመጣው ይቺን ባለመጠየቅሽ ነው። መልሱን በቴሌግራም ይጻፍልሽ።

ከሰፈሩ አውራጆች ጋር ግን ሹፌሩ ይከራከርልኛል ብለሽ አትጠብቂ። እሱ ነገም እዚያ ሰፈር ዕቃ ይዞ ስለሚመጣ ላንቺ ብሎ አይጣላቸውም። እኔም ስንቱን ደንበኛ እያየሁ ዝም ብያለሁ። በዋዜማው ጀሞ ሂጂ፤ መጀመሪያ ጎረቤት ስንት እንደከፈለ ጠይቂ፣ ቀጥሎ ከልጆቹ አለቃ ጋር እስከ ቤትሽ በር ድረስ ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሪ። ዕቃው መኪና ላይ ሆኖ፣ ሹፌሩ «ቶሎ በሉ» እያለ ክርክር አይገጠምም። ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ ፍሪጅ ተሸክሞ መውጣት ቀልድ ስላልሆነ ግን፣ ከምድር ቤት ቢወደድ አትቆጪ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሺ፤ ቀለበት መንገዱ ሳይጨናነቅ ሳሪስን ታልፊያለሽ። ፍሪጁ ቆሞ ከስፖንዳው ጋር ይታሰር። ተኝቶ ከመጣ፣ አቁመሽ ጥቂት ሰዓት ሳታሳርፊው እንዳትሰኪው።

ምጣዱን ከኋላ አታስጭኚ። ሸክላ ነው፣ ፍራሽ መሀል እንኳ አላምነውም፤ ጋቢና ገብተሽ ጭንሽ ላይ ያዥው። አንዴ ቃሊቲ መንገድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የአንዲት እናት ምጣድ ለሁለት ተሰነጠቀብኝ። ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም፤ የምጣዱን ዋጋ ከኪራዬ ቀንሰው የቀረውን ቆጠሩልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።