የተሰረቀ ካርድ አድራሻ ይፈልጋል፣ ያ አድራሻ የናንተ እንዳይሆን

ሰላም ወገን፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው ምጽፈው። ስልክና ላፕቶፕ በኦንላይን ሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ስሙ ይቅርና፣ ኦርደር ሚመረምር ክፍል ለተወሰኑ ዓመታት ሰርቻለሁ። ስራው ምን መሰላችሁ፣ ሲስተሙ ጠርጥሮ ያስቆመውን ኦርደር አንድ በአንድ እየከፈቱ ይለፍ ወይ ይሰረዝ ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ነው። የካርድ ማጭበርበር ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ ሚለው የራሱ ካርድ ነው፣ ቁጥሬን ይሰርቁኛል ብሎ። እሱም አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን እኔ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አንጀቴን ሲበላኝ የነበረው ሌላ ነው፣ በሰው ካርድ የተገዛ ዕቃ በስሙ ደጁ ድረስ ሲመጣለት ምንም ማያውቀው የኛ ሰው።

አንዱን ልንገራችሁ። ጠዋት ገብቼ የከፈትኩት ኦርደር እንዲህ ነበር፦ ሁለት አንድ ዓይነት ስልክ፣ ሁለቱም ትልቁ ሜሞሪ፣ ሌሊት የታዘዘ፣ በማግስቱ እንዲደርስ ውዱ ዴሊቨሪ የተከፈለበት። ካርዱ የአንድ ፈረንጅ፣ የካርዱ አድራሻ በሀገሩ በአንደኛው ጫፍ፣ ዕቃው ሚሄደው በሌላኛው ጫፍ፣ ተቀባይዋ ደሞ ስሟን ገና ሳነበው የኛ መሆኗን ያወቅኩት ሴት። አካውንቱ የተከፈተው ኦርደሩ ከመግባቱ 11 ደቂቃ በፊት ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ በተሞላው ስልክ ቁጥር እንደውላለን፣ ደወልኩ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩና ድምፃቸውን ስሰማው ትልቅ ሴት ናቸው፣ ወደ አማርኛ ዞርኩ። «እናቴ፣ ስልክ አዘው ነበር?» «አዎ ልጄ፣ ሁለት፣ ለእህቴ ልጆች ምልከው። ምነው ዘገየ? ገንዘቡን ከላክሁለት እኮ ሶስት ቀን ሆነ።» «ለማን ነው የላኩት?» «በቴሌግራም ለሚሸጠው ልጅ ነዋ፣ ከሱቅ በግማሽ ነው ሚሰጠው።»

በቃ፣ ገባኝ። ይሄን በስራው ቋንቋ ሶስት ማዕዘን ይሉታል፣ ጥጎቹ ገዢው፣ ሌባውና እውነተኛው ሱቅ ናቸው፣ የካርዱ ባለቤት ደሞ ሳያውቀው ሂሳብ ከፋይ። ልጁ እጁ ላይ ምንም ስልክ የለውም። ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ሴትዮዋ ትክክለኛ ገንዘባቸውን ለሱ ይልካሉ፣ እሱ ገንዘቡን ኪሱ ከቶ ስልኩን በተሰረቀ ካርድ ከኛ ሱቅ ያዝዛል፣ በሳቸው ስም፣ በሳቸው አድራሻ፣ በሳቸው ስልክ። ኦርደሩ ካለፈ ዕቃው አዲስ፣ በታሸገ ካርቶን፣ ከታወቀ ሱቅ ደረሰኝ ጋር ይመጣል፣ ስለዚ ገዢው ተጭበረበርኩ ብሎ ማሰብ ቀርቶ ለጎረቤት ለጓደኛ «አስተማማኝ ልጅ ነው» ብሎ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ልጁ ከናንተ ሚፈልገው አንዱ ነገር ይሄው ነው፣ ምስክርነት።

ለምን ኤሌክትሮኒክስ ካላችሁ ትንሽ ነው፣ ውድ ነው፣ የትም ቶሎ ይሸጣል። ለምን የናንተን አድራሻ ካላችሁ ደሞ፣ የተሰረቀ ካርድ ቁጥር ብቻውን ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ወደ ዕቃ ሲቀየር የሆነ በር ጋ መድረስ አለበት፣ ያ በር የሌባው ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይያዛላ።

ከዛ ምን ይመጣል? የካርዱ ባለቤት ስቴትመንቱን ሲያይ «ይሄን እኔ አልገዛሁም» ብሎ ባንኩ ጋ ይደውላል፣ ባንኩ ገንዘቡን ከሱቁ ላይ መልሶ ይወስዳል፣ ቻርጅባክ ሚሉት ማለት ነው። ይሄ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ዕቃው ያኔ ሄዷል። ሱቁ ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል፣ ላዩ ላይ ደሞ ለእያንዳንዱ ቻርጅባክ ቅጣት ብጤ ይከፍላል። እና ሱቁ ፋይሉን ለፖሊስ ሲሰጥ እዛ ውስጥ ያለው እውነተኛ ስም የማን ነው? የሌባው ኢሜይል ውሸት፣ ኢንተርኔቱም ያለበትን ቦታ በሚደብቅ ቪፒኤን የተሸፈነ፣ ካርዱ የሌላ ሰው። እውነቱ የናንተ ስምና የናንተ በር ብቻ ነው።

ስልኩም ቢሆን አያስተማምንም። እያንዳንዱ ስልክ *#06# ስትደውሉ ሚወጣው 15 ዲጂት አይኤምኢአይ ቁጥር አለው፣ ሱቁ የትኛው ቁጥር በየትኛው ኦርደር እንደወጣ መዝግቦ ከያዘና ካስመዘገበው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ መዝገቡን ሚጠቀሙ ኔትወርኮች ላይ ሲም ቢገባበት አይሰራም። ለቤተሰብ ልካችሁላቸው ደስ ካላቸው በኋላ አንድ ቀን ኔትወርክ እምቢ ይላል፣ እናንተ ደሞ ዋስትና ልጠይቅ ብትሉ ደረሰኙ ላይ ያለው ካርድ የማታውቁት ሰው ነው።

ሌላው ዓይነት ደሞ ስራ መስሎ ሚመጣው ነው፣ ይሄኛው አዲስ የመጡ ልጆችን ነው ሚያጠምደው። «ከቤት ሆነህ ስራ፣ ፓኬጅ ተቀበል፣ ፎቶ አንሳ፣ አዲስ አድራሻ ለጥፈህ መልሰህ ፖስታ ቤት ውሰድ፣ ደሞዝ በወር መጨረሻ።» የስራው ስም ያማረ ነው፣ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የሎጂስቲክ አስተባባሪ ምናምን፣ ኮንትራት ያስፈርማሉ፣ የመታወቂያ ኮፒና የባንክ ቁጥር ይወስዳሉ። አንድ ማውቀው ልጅ ሶፋው ጥግ ላይ ካርቶን ቆልሎ አገኘሁት፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ ካሜራ፣ የተቀባይ ስሙ በየካርቶኑ የተለያየ፣ አድራሻው ግን የሱ። «አለቃህን አይተኸዋል?» አልኩት፣ «በቻት ብቻ» አለኝ። ወሩ ሊያልቅ ሶስት ቀን ሲቀረው ቻቱ ተዘጋ፣ ደሞዝ የለ፣ አለቃ የለ፣ መታወቂያው ግን እነሱ ጋ ቀረ። ልብ በሉ፣ እውነተኛ ድርጅት ያንተን ሳሎን መጋዘን አያደርግም።

እዚች ጋ ትንሽ ጠንከር ልበል። አላወቅሁም ማለት አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም፣ በተለይ ገንዘብ ተቀብለህ ከሆነ። ዜግነት ላልያዘ ሰው ደሞ ነገሩ ከእስሩ ይከፋል። አሜሪካ ውስጥ የማጭበርበር ወንጀል በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ይቆጠራል፣ በተጎጂው ላይ የደረሰው ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደሞ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳን ለማባረር በሚያበቃው መደብ ውስጥ ይገባል። 10,000 ዶላር በስልክና በላፕቶፕ ስንት ካርቶን እንደሆነ አስሉት፣ ብዙ አይደለም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ከወንጀል ጠበቃው ሌላ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር።

ወደ ራሳችን ካርድ ልምጣ። ሌቦቹ ለምን ወደ ኦንላይን ጎረፉ ካላችሁ ካርድ ላይ ያለችው ቺፕ ናት ያባረረቻቸው። ድሮ የካርዱን ጥቁር መስመር ኮፒ አድርገው ሱቅ ገብተው ይገዙ ነበር፣ ቺፑ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም። አሜሪካ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2015 ቺፕ ማያነብ ሱቅ ኪሳራውን ራሱ ይቻል ተብሎ ደንቡ ሲቀየር እዛም በር ተዘጋ፣ ኦንላይን ደሞ ቺፕ የለም፣ ቁጥር፣ ቀንና ከጀርባ ያሉት ሶስት ዲጂቶች ናቸው። አውሮፓ ባንክ በስልክ ኮድ ወይ በአፕ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ በሕግ ያስገደደው ለዚ ነው፣ ሕጉ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2019 ጀምሮ ነው የጸናው። እና አሁን ሌባው ሚጎድለው ያ ኮድ ነው። «ፓኬጅዎ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ይቀራል» ሚል ቴክስት ሚመጣው ለትንሿ ክፍያ አይደለም፣ ካርዳችሁን ትሞላላችሁ፣ ከባንክ ኮድ ይመጣል፣ ኮዷን ትሞላላችሁ፣ ያቺ ኮድ ግን ካርዳችሁን በሌባው ስልክ ዋሌት (በስልክ መክፈያው) ላይ መጫኛ ልትሆን ትችላለች። መልእክቱን ሙሉውን አንብቡት ወገን፣ ኮዱ ለምን እንደተላከ ራሱ ባንኩ ጽፎታል፣ እኛ ቁጥሯን ብቻ ነው ምናየው። ኮዱን ራስህ ሰጥተሃል ካለ ደሞ ባንኩ ገንዘብ ለመመለስ ያንገራግራል።

ጥንቁቅ ሰውም አይተርፍም ደሞ። ኒውኤግ ሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ በፈረንጆቹ 2018 ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ መክፈያ ገጹ ላይ 15 መስመር ብቻ ሚሆን ኮድ ተሰክቶበት ነበር፣ ሰው ትክክለኛው ዌብሳይት ላይ ሆኖ ትክክለኛ ዕቃ ሲገዛ ሚሞላው ካርድ ኮፒው ወደ ሌቦቹ ይሄድ ነበር፣ ከአንድ ወር በላይ። ከአድራሻው ጎን ምትታየው የቁልፍ ምልክትም ነበረች፣ አድራሻውም ልክ ነበር። ስለዚ ምትችሉት ካርዱ ሲሰረቅ ጉዳቱን ማሳነስ ነው። ኦንላይን በዴቢት አትግዙ፣ በክሬዲት ግዙ። አሜሪካ በክሬዲት ካርድ ያለፈቃድህ ለተገዛ ነገር ሕጉ ቢበዛ 50 ዶላር ነው ሚያስከፍልህ፣ ባንኮቹ ብዙ ጊዜ እሱንም ይተዉታል። በዴቢት ግን ካርዱ ራሱ ጠፍቶ ወይ ተሰርቆ መሆኑን ካወቅክ በ2 የስራ ቀን ካላመለከትክ እስከ 500 ሊሄድ ይችላል፣ ስቴትመንቱ ከወጣ 60 ቀን ካለፈ ደሞ ከዛ በኋላ ለተወሰደው ጣሪያም የለው፣ ክርክሩ እስኪያልቅም የጎደለው የራስህ የቤት ኪራይ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ በክሬዲት ካርድ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ሚያወጣ ዕቃ ገዝታችሁ ሻጩ ከበላችሁ በ1974ቱ ሕግ ክፍል 75 ካርዱን የሰጣችሁን ባንክ መጠየቅ ትችላላችሁ። እና ለእያንዳንዷ ክፍያ ኖቲፊኬሽን አብሩ፣ የአንድ ዶላር ክፍያ ያላወቃችሁት ከመጣ አትናቁት፣ ካርዱ ይሰራል አይሰራም ብለው እየሞከሩት ነው፣ ቀጥሎ ሚመጣው ላፕቶፕ ነው።

በነገራችን ላይ ኦርደር ያለምክንያት ሚሰረዝባችሁ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ዘረኝነት አይደለም፣ የስማችን ነገር ነው። ካርዱ ላይ ስምና የአያት ስም፣ አካውንቱ ላይ ስምና የአባት ስም፣ «ጸ»ን በእንግሊዝኛ አንዱ ቦታ በሁለት ፊደል ሌላ ቦታ በአንድ ፊደል ትጽፉታላችሁ፣ ለማሽኑ ሁለት ሰው ናችሁ። ባንካችሁ ያለውን ስምና አድራሻ ፊደል በፊደል አመሳስሉት፣ ከቤት ከቀየራችሁ ባንኩ ጋ ያለውን አድራሻ ቀይሩ፣ ስትገዙ ቪፒኤን አጥፉ። እኔ ራሴ እዛ ስሰራ የአጎቴን ልጅ ኦርደር ባልደረባዬ ሰርዞበት ስንት ወር ሳያናግረኝ ቀረ።

ደሞ ዕቃው ደርሶት እያለ «አልደረሰኝም» ብሎ ገንዘብ ሚያስመልስ ሰው አለ፣ ብልጠት መስሎት። ያም እኛ ጋ ማጭበርበር ነው ሚባለው፣ ስሙ፣ አድራሻው፣ ካርዱ ይመዘገባል፣ አንድ ቤት ሚኖሩ ሰዎች ኦርደር ሁሉ አብሮ ይታገዳል።

ገብቼበት ቢሆንስ ሚል ካለ፣ ዕቃውን ለማንም አታስተላልፉ፣ «ኩሪየር ልኬ ልውሰደው» ቢላችሁም አትስጡ። ሻጩ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ራሳችሁ ከሱቁ ዌብሳይት ባገኛችሁት ደውላችሁ ኦርደር ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ቀድሞ የደወለ ሰውና ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ሚያስረዳ ሰው አንድ አይደሉም። ቻቱን ስክሪንሾት አድርጉ፣ ልጁ ሲጠፋ ከሁለታችሁም ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ለፖሊስ አመልክቱ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ አይሲ3 ሚባለው የኤፍቢአይ ገጽ ላይም። የከፈላችሁት በካርድ ከሆነ ባንካችሁን ጠይቁ፣ ቀጥታ ከአካውንት የላካችሁ እንደሆነ ግን መመለሱ ከባድ ነው፣ ልጁ «ካርድ አልቀበልም» ሚለውም ለዛው ነው።

የሴትዮዋን ኦርደር ሰረዝኩት፣ የገባኝንም በአጭሩ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ፣ ቀስ ብለው ነው ሚያወሩት። ልጁ ሜሴጅ ልኮላቸዋል፣ ሱቁ አስቸገረኝ፣ ሌላ ስምና ሌላ አድራሻ ካለዎት ዛሬውኑ አስልክልዎታለሁ ብሎ። «የጎረቤቴን ልስጠው እንዴ ልጄ?» አሉኝ፣ «ገንዘቤ እንዳይቀር ብዬ እኮ ነው።» «አይስጡት እናቴ፣» አልኳቸው፣ «ዛሬ ባንክ አብረን እንደውላለን።»