ለአያቴ ማሳከክ የገዛሁት ኪኒን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አያቴ 88 ዓመታቸው ነው፣ ፍኖተ ሰላም አብረን እንኖራለን። ማታ ማታ ሰውነታቸውን ሲያሳክካቸው ክሎርፌኒራሚን የሚባል የአለርጂ ኪኒን ገዝቼ ሰጠኋቸው። እንቅልፉስ መጣላቸው፣ ግን ጠዋት ይፈዛሉ፣ ነገር ይምታታባቸዋል። እርጅናው ነው ወይስ ኪኒኑ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኪኒኑን ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኪኒኑን ነው። ክሎርፌኒራሚንም ሆነ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን የሚባሉት የአለርጂ ኪኒኖች አንጎል ድረስ ይገባሉ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ቶሎ ስለማያስወግዷቸው የማታው ኪኒን ጠዋትም ከሰውነት አይወጣም። አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው እንዳይሰበር ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር 65 ዓመት ለሞላቸው እነዚህን አትስጡ የሚለው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ አቁሚውና ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንዲህ ያደርጋል። ትኩሳት ካላቸው፣ ሽንት እምቢ ካላቸው ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ማሳከኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከቆዳ መድረቅ ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ቀንሺ፣ ታጥበው ገላቸው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢያቸው። ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያከክ ካለ እከክ ሊሆን ይችላልና ሁላችሁም ታከሙ። የአለርጂ ኪኒን የግድ ካስፈለገ ሎራታዲን ይሻላል፣ ሴትሪዚንም ይሆናል፣ ኩላሊታቸው ከደከመ ግን መጠኑ ይቀነሳል። የጉንፋን ሽሮፕ ስትገዢም ውስጡ ክሎርፌኒራሚን እንዳለ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። አረቄውማ፣ ለበዓል አንድ መለኪያ ቢባልም፣ ከእንዲህ ዓይነት ኪኒን ጋር ጭራሽ አይሆንም።