የክረምቱ መገባደጃ በድሬዳዋና በሐረር፦ ጥያቄና መልስ

ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ሰሞኑን ስለ ዝናቡ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ዝናብ መለካት ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። እንግዲህ አበቃ ማለት ነው?

ለድሬ አያገለግልም። ነሐሴ ለእኛ ዋናው የዝናብ ወር ነው፤ መስከረም ላይም ይቀጥላል። ዝናቡን የሚያመጣው የአየር መቀነት ወደ ደቡብ ማፈግፈግ የሚጀምረው መስከረም ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ቢወጣ ክረምቱ ወጣ አትበሉ። በሚቀጥሉት ቀናትም የምጠብቀው የወቅቱን ልማድ ነው፦ ጠዋት ብራ፣ ቀትር ላይ ወበቅ፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ የሚከመር ደመና፣ አመሻሽ ወይም ማታ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ። ሳቢያን ሰፈር ዘንቦ ከዚራ ሰፈር አቧራ ቢሆን አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ በቀደም እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወረደ። ውሃው ከየት መጣ?

ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጀርባችን ያለው ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ ብዙ ቦታ ዛፍ የለውም፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድበት አፈሩ ሳይመጠው ወደ እኛ ይንደረደራል። ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ በሆነው ደቻቱ ውስጥ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁን ነው። ቀጥሎ አረፋ፣ ጭራሮና ፌስታል የሚገፋ ስስ ውሃ አሸዋው ላይ እየተሳበ ይመጣል። ሰው ይህን አይቶ «ትንሽ ነው» ይልና ይሻገራል። ዋናው ቡናማ ውሃ ከኋላው ነው ያለው።

በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ሌሊት ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይጠቅማልም። ግን ግንቡ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰፈር ነው የሚጠብቀው፤ አሸዋው ላይ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጠውን ወይም ኳስ የሚጫወተውን ልጅ አያድንም። ስለዚህ አናታችሁ ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ወደ ደቡብ ተራራውን እዩ። ደንገጎ ከጠቆረ ከወንዙ ውጡ፣ ልጆችንም አውጡ። ዝናቡ እስኪደርስባችሁ አትጠብቁ፤ ውሃው ይቀድመዋል።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ውሃው ከጎማ ብዙም ካላለፈ አቋርጬ መሄድ አልችልም?

አይሆንም ወንድሜ። ባጃጅ ቀላል ናት፤ የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ድረስ እንኳን ሳይደርስ ይገፋታል። ከሥሩ አሸዋው ተቦርቡሮ ጉድጓድ ተፈጥሮ እንደሆነም አይታይህም። በድልድዩ ዙር፣ ወይም ቁመህ አሳልፈው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለእንቁጣጣሽ በርበሬ ላሰጣ ነበር። ይቅርብኝ?

አይቅርብዎት እማማ። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣ ያስጡት፣ 8 ሰዓት ሳይሆን ያስገቡት። ወፍራም ሸራ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ መሬቱ እርጥበት ይዟል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮ «30 ሚሊሜትር ዘነበ» ሲል ምን ያህል ነው?

አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከመለኪያው ዕቃ ወደ ባለ መስመሩ ብርጭቆ ገልብጠን እናነበዋለን። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ካለህ 30 ሚሊሜትር 1,200 ሊትር ነው፤ ስድስት ትልልቅ በርሜል። አሁን ያንን በተራራው ስፋት አስበው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ለሠርግ ሐረር እወጣለሁ፤ ሹራብ ያስፈልጋል?

ይያዙ። ሐረር ከእኛ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አራት አምስት ዲግሪ ትቀዘቅዛለች፤ ማታ ይበርዳል። ደንገጎ ላይ ጉም ሊኖር ስለሚችል ጊዜ ወስዳችሁ ውጡ፤ ስትመለሱ ከመምሸቱ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጳጉሜ 3 ለሩፋኤል ይዘንባል?

ያን ያህል ርቆ ቀኑን ለይቶ የሚናገር ትንበያ አትመኑ። ከአምስትና ስድስት ቀን በኋላ ያለው አዝማሚያ ብቻ ነው። ወቅቱ ግን የዝናብ ነውና ተስፋ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ቢዮ አዋሌ አርሶ አደር ነኝ። ማሽላው ሊያብብ ነው፤ ዝናቡ ቢቋረጥስ?

የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ማሽላ አበባና ፍሬ ላይ ሲደርስ ውሃ ከጎደለው ምርቱ ይመታል። አሁን እየዘነበ ሳለ ቦዩን ከልሱ፣ ውሃው ከማሳ ሳይወጣ እዚያው ይስረግ፤ አረሙንም አንሱ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ የልማት ሠራተኛውን ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ከዝናቡ በኋላ ትንኙ አላስቀምጥ አለን። በርሜላችንን እንድፋ?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ድፉ ማለት ይከብደኛል። ግን ትንኝ የሚያስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች፣ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ፣ ከተማውን እንዴት እንዳስተኙት ታውቃላችሁ። ያቺ ትንኝ ቀን ነው የምትነድፈው፤ የምትፈለፈለውም ቤታችን ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ከእንቁላል እስክትበር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ይበቃታል። ስለዚህ በርሜሉንና ሮቶውን ክደኑ፤ ክዳን ከሌለው ጨርቅ ወጥራችሁ አፉን እሰሩ። በሳምንት አንድ ቀን ውሃው ዝቅ ሲል የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ግቢ የተጣለ ጎማና ቆርቆሮ ካለ ዛሬውኑ አስወግዱት።