ጥያቄና መልስ፦ ከንፈርን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ነው የተወለድኩት። በሕፃንነቴ ቢሰፋም የላይኛው ከንፈሬ ወደ ላይ ተጎትቶ ቀርቷል፤ ስስቅ ፊቴ ይጣመማል። በቀዶ ሕክምና ላስተካክለው አስቤአለሁ። ጓደኞቼ ግን «ፊለር (ከንፈርን ለመሙላት በመርፌ የሚሰጥ መሙያ) ተወጊና ይሞላልሻል» ይሉኛል። የፈጣሪን ሥራ መለወጥ አይሆንብኝም? ቆራቢ ስለሆንኩስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ቀዶ ሕክምናው ኃጢአት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። የምትጠይቂው በሕፃንነትሽ የተጀመረውን ሕክምና መፈጸም ነው።

ሐኪምሽ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅን የሚሠራ ይሁን። አሮጌው ጠባሳ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ተፈልጎ ይገናኛል፤ ቆዳው ብቻ ከተሰፋ ከንፈሩ ተመልሶ ይጎተታል። ቀዩ ከንፈርና ቆዳው የሚገናኙበት መስመር 1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ እንኳ ፊት ለፊት ለሚያይሽ ይታወቃል። ማደንዘዣው ሲወጋ ከንፈሩ አብጦ መስመሩ ስለሚጠፋ፣ ጠንቃቃ ሐኪም አስቀድሞ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ከዚህ በፊት ቁስልሽ ሲድን ጠባሳው እያበጠ የሚያስቸግርሽ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው።

ፊለር የተጎተተ ጡንቻን አይፈታም። በጠባሳ አካባቢ የደም ሥሮች አቀማመጥ ስለሚለወጥም መርፌው ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከንፈር ይነጣል፣ ያማል፣ ቶሎ ካልታከመም ሥጋው ይሞታል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ፊለር የሚያሟሟው መድኃኒት አለው፤ ፈሳሽ ሲሊኮን ግን የለውም፣ እርሱን ፈጽሞ አትንኪው። ጤነኛ ከንፈርን ለማወፈር ለሚሹ ግን መልሴ ሌላ ነው፤ በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4 ስለ ውጪና ስለ ውስጥ ጌጥ የተጻፈውን አንብበው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ስለ ቁርባን፦ ደም የሚፈስሰው ሰው አይቆርብም። የቆዳው ስፌት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ይወጣል፣ የውስጡ ራሱ ይሟሟል። የስፌቱን መውጣት ብቻ አትመልከቺ፤ ደሙና ፈሳሹ ፈጽሞ እስኪቆም፣ ከንፈርሽም ሳያንጠባጥብ እስኪዘጋ ታገሺ። ቀዶ ሕክምናውንም ሆነ የስፌት ማስወጫ ቀጠሮውን በቆረብሽበት ቀን አታድርጊ፤ ያን ዕለት ደምም ምራቅም መትፋት አይገባምና። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት እንድትቆዪ ይነገርሻል፤ ይህም ትውከት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው እንጂ እንደ ቁርባኑ 18 ሰዓት ያለ ጾም አይደለም። በጾም ወራት ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ካዘዘልሽ በራስሽ አትፍቺ፣ በራስሽም አትከልክዪ፤ ቀጠሮውን ከመያዝሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ፈቃድ ተቀበዪ።