ልባችሁ ሲመታ ለምትፈሩ ልጆቼ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የምርመራ ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለምትዞሩ ነው።

ባህር ዳር ውስጥ በሥነ ልቦና ሙያ ሳገለግል ጸጉሬ ሸብቷል። እኔ ዘንድ የምትመጡት ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ይባላል። ቀጥሎ ታይፎይድ። ከዚያ ነርቭ። አክስት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ትላለች። የደሙም፣ የሽንቱም፣ የልቡም ውጤት «ደህና» ይላል። ልጁ ግን ደህና አይደለም።

አንድ የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ግቢ) ተማሪ ከአባይ ማዶ በባጃጅ ሲመጣ አዲሱ ድልድይ ላይ ድንገት ልቡ ደረቱን ይደበድበው ጀመር። ትንፋሽ አጠረው። ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ከንፈሩን ወረረው። በቃ፣ ሞትሁ አለ። ሹፌሩ እየበረረ ሐኪም ቤት አደረሰው። ሲመረመር ልቡ ደህና ሆነ። «ምንም የለህም፣ አታካብድ» ተብሎ ተመለሰ።

ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ልጁ አላካበደም። የያዘው ፓኒክ አታክ የሚባል ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው። ጅብ ሳይመጣ እንደሚጮህ ውሻ፣ ሰውነት አደጋ ሳይኖር ደወል ይደውላል። አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል። ሰውየው አየር ያጠረው ስለሚመስለው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና መውረድ ይጀምራል። ስሜቱ ሞት ይመስላል እንጂ አይገድልም።

የባሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ባጃጅ መሳፈር ተወ። ቀጥሎ ካፌ፣ ቀጥሎ ቅዳሴ፣ ቀጥሎ ክላስ። ጓደኞቹ ኮራብን አሉ፤ ቤተሰቡ ሰነፈ አለ። በሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ ደለበ፤ የተረፈው ስለሸሸ ይመስለዋላ! ሕክምናው ታዲያ ቀስ በቀስ መመለስ ነበር። መጀመሪያ 380 ሜትሩን ድልድይ ከጓደኛው ጋር በእግሩ ተሻገረ። ከዚያ በባጃጅ አብረው። ከዚያ ብቻውን። ልቡ ሲመታ አልወረደም፤ እስኪያልፍ ተቀመጠ።

እናንተም አንድ ጊዜ በደንብ ተመርመሩ። የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ሐኪሙ እነዚህ የሉም ካላችሁ ግን ያንኑ ምርመራ እየደጋገማችሁ የቤተሰብ ገንዘብ አትጨርሱ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ወደዚያ ሂዱ። እዚያ የሚገባ ሁሉ እብድ ነው የሚለውን ወሬ ተዉት።

ለፈተና በጫትና በቡና የምታድሩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ተጨምሮበት ነገሩን እንደሚያባብሰው እወቁ። ዲያዜፓምም ከዶርም ጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ቶሎ ያረጋጋል፤ ግን ሱስ ያስይዛል። ሐኪም የሚያዝዘው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በ3ኛው ቀን አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት። ፀበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ እኔም እጠመቃለሁ። መድኃኒታችሁን ተዉ የሚላችሁን ግን አትስሙ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢይዘው ከባችሁ አትቁሙበት። ክብሪት አታሽትቱት፤ ውሃ አትድፉበት። ጎኑ ተቀመጡና «አይዞህ፣ ያልፋል፣ አለሁ» በሉት። ትንፋሹን ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ እንዲያስወጣ አብራችሁት ተንፍሱ። የመጀመሪያው ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የታወቀ ሕመሙ ከሆነና ካለፈለት ግን ወደ ቤት አትመልሱት፤ የወጣበትን ጉዳይ እንዲጨርስ አብራችሁት ሂዱ።